የእናቴን ጫማ ያስወለቀ አልነበረም፦ ስለ ስኳር ሕክምና ስታንዳርድ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ሐኪም የጻፉት ጽሑፍ እዚህ ድሬዳዋ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቷል። እኔም አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጽሑፉ ለስኳር ሕክምና ስታንዳርድ ይኑር፣ የክትትል ክሊኒኮችም በስታንዳርዱ እየተመዘኑ ዕውቅና ይሰጣቸው የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ነው። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። መድኃኒት በሌለበት ስለ ስታንዳርድ ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። ዕውቅና ወይም አክሬዲቴሽን የሚባለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ነው ይላሉ። ስታንዳርዱ የተጻፈው ለፈረንጅ አገር ነው፣ ነርሶቻችንንም በፎርም ይቀብራቸዋል ይላሉ። በመጨረሻም ዋናው ችግር አፉን መግታት ያቃተው ሕመምተኛ ነው ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ንዴታቸው ግን ይገባኛል። ብዙ ዓመት ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ሙሉ ሰው የተቀበለ ሐኪም ንዴት ነው። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እናቴ ደግሞ ስኳር ከያዛት ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ነገሩን ከሁለቱም ወገን አየዋለሁ፤ ውጤት ከሚጽፈውም፣ ውጤቱን ይዞ ወደ ቤት ከሚሄደውም። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«መጀመሪያ መድኃኒት ይቅረብ»

ይህን ለመቃወም አልቸኩልም። ኢንሱሊን አጥቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር የዋለ ሰው አይቻለሁ። ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ይድረስ ብለው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ ዛሬም የሚያጣው ሰው አለ። በዚህ ላይ ጸሐፊው የሚቆጡትን ቁጣ እኔም እቆጣለሁ።

ግን እስቲ የእናቴን ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። እናቴ ከቀፊራ ገበያ ተመልሳ ግቢ ውስጥ ጥላው ሥር ተቀምጣለች። ዘንቢሉን ተቀብዬ ወደ ቤት ልገባ ስል ሲሚንቶው ላይ የደም ነጠብጣብ አየሁ። ከበሩ ጀምሮ እስከ ወንበሯ ድረስ፣ በየእርምጃው አንድ አንድ። «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ምንም አልሆነችም። ጎንበስ ብዬ ሸበጧን ሳወልቀው ትንሽ ሚስማር ሶሉን በስቶ ወደ ውስጥ ወጥቷል። ጫፉ የቆመው ተረከዟ ውስጥ ነበር። ያንን ረግጣ ገበያ ዞራለች፣ ድንችና ሽንኩርት ገዝታለች፣ ባጃጅ ተሳፍራ መጥታለች። አላመማትም፤ ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ቁስሉን ሳየው ደግሞ የዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። ዳር ዳሩ ነጥቷል። ቢያንስ ሁለት ቀን አብሯት ውሏል።

በማግስቱ የክትትል ካርዷን አውጥቼ ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ አገላበጥኩት። የስድስት ዓመት ቀጠሮ ነው። በየቀጠሮው የደም ስኳሯ ተጽፏል። የመድኃኒቷ መጠን ተጽፏል። የሚቀጥለው ቀን ተጽፏል። «እግር» የሚል ቃል ግን ከዳር እስከ ዳር የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ጫማሽን አውልቂ ብሏት አያውቅም።

የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልጠቅስም። ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምናገረው። ነርሶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንዲያውም አንዷ እናቴን ስሟን ጠርታ፣ ስለ ልጅ ልጆቿ ሳትጠይቅ አትሸኛትም ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በየቀጠሮው ተረኛው ይለያያል። የዛሬው ነርስ ባለፈው ታይቷል ብላ ታስባለች። ያለፈው ደግሞ ሐኪሙ ያየዋል ብሎ አስቦ ነበር። እግር የማየት ሥራ የማንም ሥራ ሳይሆን ስድስት ዓመት አለፈ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቴ አንድ ቀን እንኳ መድኃኒት አልጎደለባትም። መድኃኒት ነበረ። የጎደለው «ይህ ሕመምተኛ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ እግሩ ይታይ፣ ያየው ሰውም ፊርማውን ያኑር» የሚል አንድ መስመር ነው። ስታንዳርድ የምለው ይህንን ነው። ሕክምናው በተረኛው ሰው ፀባይና ትውስታ ላይ እንዳይንጠለጠል ማለት ነው።

ለዚህስ ምን ያህል ገንዘብ ይፈልጋል? የእግር ስሜት መለኪያ ሞኖፊላመንት የሚባል ቀጭን የናይለን ክር አለ፤ በ10 ግራም ጫና ይታጠፋል። እሱም ከጠፋ ጣት ይበቃል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል። አውራ ጣቱን፣ መሐለኛውን ጣቱንና ትንሿን ጣቱን በሁለቱም እግር ጫፋቸውን በስሱ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መንካት ነው። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው። ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«መድኃኒት ቀረበ» የሚለው ቃል ራሱ ስታንዳርድ ይፈልጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከቀዘቀዘ ይሻላል ተብሎ በረዶ ቤት ከገባ ደግሞ ይበላሻል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ይጣላል። መብራት ጠፍቶ በሚመጣበት ከተማ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ከሌለ፣ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን የሚጽፍ ሰው ከሌለ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብልቃጥ መድኃኒት ይሁን ውሃ በምን እናውቃለን? ሌንቴ የሚሉት ነጣ ያለው ኢንሱሊን ደግሞ ከመቀዳቱ በፊት በመዳፍ መካከል ዐሥር፣ ሃያ ጊዜ በቀስታ መሽከርከር አለበት። ካልተሽከረከረ አንድ ቀን ቀጭኑ፣ አንድ ቀን ወፍራሙ ይወጣል። እናቴ ይህን የሰማችው መርፌ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት ነው። እሱንም ከጎረቤት።

«ዕውቅና የግድግዳ ወረቀት ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን በደንብ መሞገት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ዕውቅና የሚባለውን ነገር በሥራዬ ላይ አይቼዋለሁ።

በአገራችን ከሌላው የጤና ክፍል ቀድሞ ወደዚህ የገባው ላቦራቶሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ኪጋሊ ላይ ደረጃ በደረጃ የማሻሻያ መንገድ ጀመረ። ላቦራቶሪው በረዥም የጥያቄ ዝርዝር ይፈተሻል፤ ከ55 በመቶ በታች ካገኘ ኮከብ የለውም፣ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ካገኘ አምስት ኮከብ ነው። ከዚያ ወዲያ አይ.ኤስ.ኦ 15189 ወደሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ይሄዳል። ለዚያ ዕውቅና የሚሰጥ የራሳችን አገራዊ ተቋም አለን።

እኔ ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ላቦራቶሪ ለዚህ ግምገማ ስንዘጋጅ አንድ ጥያቄ ላይ ደረስን። «ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ሴረሙ (ከደም ሴሎቹ የሚለየው ፈሳሽ) የተለየበት ሰዓት ተመዝግቧል ወይ?» አልተመዘገበም። የምንጽፍበት ቦታ እንኳ አልነበረንም። የጾም ደም ጠዋት በ2 ሰዓት ይቀዳል። ቲዩቦቹ ትሪ ላይ ይደረደራሉ። ሰው እስኪበዛ ይጠበቃል። ማሽኑ ላይ የሚወጡት 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የለመድነው።

ችግሩ ደም ቲዩብ ውስጥ ገብቶም አይተኛም። ቀይ የደም ሴሎች ስኳሩን መብላት አያቆሙም። በተራ የክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምት። አሁን አንድ ሰው አስቡ። የጾም ስኳሩ 135 ነው። ስኳር አለብህ የሚባልበት መስመር 126 ነው። ደሙ ሁለት ሰዓት ትሪ ላይ ሲቆይ ውጤቱ 120 አካባቢ ይወጣል። ሰውየው «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ዓይኑ ሲደበዝዝ ይመለሳል።

ያን ሰሞን ከራሳችን ከሠራተኞቹ ደም ቀዳን። ግማሹን ወዲያው ሴሎቹን ከፈሳሹ በሚለየው ማሽን፣ በሴንትሪፊዩጅ አዞርነው፣ ግማሹን ትሪ ላይ ተውነው። ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን ስናይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስንት ዓመት ስንት ሰው ሸኝተናል? ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም። እኔ ግን ዛሬም አስበዋለሁ።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። የግድግዳ ሰዓት፣ በመዝገቡ ላይ ሁለት አዲስ ዓምድ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይዙር የሚል ሕግ። ሴሎቹ ስኳሩን እንዳይበሉ የሚያግድ ኬሚካል ያለበት ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ ይገዛ ያሉም ነበሩ። ይረዳል፤ ግን እሱም ወዲያው አይሠራም፣ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ስኳሩ መውረዱን አያቆምም። ስለዚህ ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። ይህን ያስተማረን የግድግዳ ወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱን ለማግኘት ስንሄድ መንገድ ላይ ያገኘነው ጥያቄ ነው።

ጸሐፊው «ገምጋሚ ሲመጣ ያጸዳሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ» ይላሉ። ይህ አለ። አልክድም። አዲስ ጋውን የሚለበሰው፣ የተሰበረው ወንበር ከኋላ የሚደበቀው ያን ቀን ነው። ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን የሚያከሽፍ ዘዴ አለ። ከውጭ ውጤቱ የማይነገርህ ናሙና ይላክልሃል። መርምረህ መልስህን ትልካለህ። ከሌሎች ላቦራቶሪዎች ጋር ተወዳድሮ ስሕተትህ ይነገርሃል። ለዚህ ግድግዳ መቀባት አይጠቅምም። የስኳር ክሊኒክም እንዲሁ ይፈተሽ። ገምጋሚው ሳይናገር ይምጣ፣ ካርድ ክፍል ገብቶ ሠላሳ ካርድ በዕጣ ያውጣ። እግር ታይቷል? ዓይን ተመርምሯል? የሽንት ፕሮቲን ተሠርቷል? የደም ግፊት ተለክቷል? ካርድ አይቀባም።

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን። ለብዙ አዋቂ ሰዎች ከ7 በመቶ በታች ይሁን የሚባለው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ትልቅ ጥናት ነው። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ዓይነት አንድ ስኳር (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን መሥራት የሚያቆምበት) ያለባቸው ሰዎች ተከታትሎ፣ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት የመጀመር አደጋን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ዓለም ሁሉ ቁጥሩን ተቀበለ። ከዚያ ችግር መጣ። የየላቦራቶሪው ኤ ዋን ሲ አይመሳሰልም ነበር፤ ያው አንድ ደም እዚህ ሌላ፣ እዚያ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 መለኪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ማጣቀሻ ጋር የሚያስተካክል ፕሮግራም ተቋቋመ። ዛሬ ሐኪሙ ጸሐፊያችን «7 ነው፣ ጥሩ ነው» ብለው ለሕመምተኛቸው ሲናገሩ በዚያ ስታንዳርድ ላይ ቆመው ነው። ባይኖር ኖሮ ያ 7 ምንም ማለት አይሆንም ነበር።

«ለፈረንጅ የተጻፈ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚያወጣውን መመሪያ እንዳለ ተርጉሞ እዚህ ድሬ ከዚራ ሰፈር ላይ መለጠፍ አይሠራም። ግን ስታንዳርድ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚለው አይደለም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ2030 ያስቀመጣቸው ግቦች አሉ፤ ኢትዮጵያም የድርጅቱ አባል ናት። ስኳር ካለባቸው 80 በመቶው ይታወቁ። ከታወቁት 80 በመቶው ስኳራቸው ይስተካከል፣ 80 በመቶው ግፊታቸው ይስተካከል። ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑት 60 በመቶው የኮሌስትሮል መድኃኒት ያግኙ። ዓይነት አንድ ያለባቸው ሁሉ፣ መቶ በመቶ፣ አቅማቸው የሚችለው ኢንሱሊንና የስኳር መለኪያ ያግኙ። የመጀመሪያውን የጸሐፊውን ጥያቄ አያችሁት? «መድኃኒት ይቅደም» ያሉት ራሱ ስታንዳርድ ውስጥ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ስታንዳርድና መድኃኒት ጠላት አይደሉም። መድኃኒት ሲጠፋ ማን እንደሚጠየቅ የሚነግረን ስታንዳርዱ ነው።

የኛን ስታንዳርድ እኛ እንጻፍ ከተባለ ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል። ብዙ የምንጨምረው አለን።

አንዱ ሙቀት ነው። ቤቱ ፍሪጅ የሌለው ሰው ስንት ነው? ሽኒሌ በኩል፣ መልካ ጀብዱ በኩል ከሚመጡት ብዙዎቹ የላቸውም። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ» ብሎ መሸኘት ለዚህ ሰው ምክር አይሆነውም። የድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ለክተው፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋልል ሙቀት ውስጥ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ኬንያ ጎረቤታችን ናት፤ ሙቀቱም ሙቀታችን ነው። እናቴ የጀመረችውን ብልቃጥ የምታስቀምጠው በእንስራ ነው። ትልቁ እንስራ ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው መሐል ትንሽ የሸክላ ማሰሮ፣ ላዩ ላይ የረጠበ ጨርቅ። ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። አየራችን ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ሲተን ያቀዘቅዛል። እጅህን ስታስገባ ይሰማሃል። ይህ በእኛ ስታንዳርድ ውስጥ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። የትኛው ብልቃጥ በእንስራ፣ ለስንት ቀን፣ መቼ ይጣል።

ሌላው ጾም ነው። ድሬም ሐረርም ረመዳን ሲገባ የከተማው ሰዓት ይለወጣል። ስኳር ያለበት ሰው ብትከለክለውም ይጾማል። ለዚህ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። ጾሙ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት ሕመምተኛው ይታይ፣ አደጋው ይመዘን፣ መድኃኒቱ ይስተካከል ይላል። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ማፍጠር አለበት ይላል። ለመሆኑ ረመዳን ሁለት ወር ሲቀረው ሕመምተኞቹን ጠርቶ የሚያናግር ክሊኒክ የትኛው ነው? የዓብይ ጾምንስ? የአገር ስታንዳርድ ቢኖረን ይህ በአንድ ጎበዝ ሐኪም በጎ ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም ነበር።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ኮሪደራችን ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ትምህርቱ በአንዱ ብቻ ከተሰጠ የቀሩት ሁለቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ራስ መነቅነቅ ደግሞ ገባኝ ማለት አይደለም።

«ነርሶች በፎርም ይቀበራሉ»

እዚህ ላይ እስማማለሁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ የኛም ወረቀት አንዴ ከመጣ አይሄድም። በየዓመቱ አዲስ ፎርም ይጨመራል፣ አሮጌው አይነሳም። አንድ ነርስ ለአንድ ሕመምተኛ አራት ቦታ ላይ ስሙን ስትጽፍ አይቻለሁ። ስታንዳርዱ አምስተኛ ቦታ የሚጨምር ከሆነ እኔም ከጸሐፊው ጋር ቆሜ እቃወመዋለሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። በካርዱ ሽፋን ውስጥ የተለጠፈ፣ በዓመቱ አናት የሚከፈት፣ እግር፣ ዓይን፣ ኩላሊት፣ ግፊት፣ ኤ ዋን ሲ፣ መርፌ የሚወጋበት ቦታ፣ ትምህርት፤ ከፊታቸው ቀንና ፊርማ። የሚጨመረው ይህ ከሆነ ሌላ ሁለት ይነሳ።

«ችግሩ ሕመምተኛው ነው»

ይህኛው አሳዘነኝ። እውነት ለመናገር ምላሹን እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ነው።

ጸሐፊው «ስኳር ተው እንለዋለን፣ ለበርጫው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይዞ ይቀመጣል» ይላሉ። ይቀመጣል። ጫት ምግብ ይዘጋል፣ አፍ ያደርቃል፤ ስለዚህ ጣፋጭ ይጠጣበታል፣ ራት ይዘለላል፣ መድኃኒቱም ይረሳል። ኢንሱሊን የወጋ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይበላ በርጫ ላይ ሲውል ደግሞ ስኳሩ ወርዶ እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሁሉ እኛ እናውቃለን። ለእሱ ግን ማን ነገረው? ስንት ደቂቃ?

እናቴ በመጀመሪያው ቀን የተሰጣትን ትምህርት እስከ ዛሬ በቃሏ ትናገረዋለች። «ስኳር ተይ፣ ጣፋጭ ተይ፣ በቀጠሮሽ ነይ።» ይኸው ነው። እሷም ስኳር ተወች። ሻይዋን መራራ አድርጋ መጠጣት ለመደች። ግን ምሳ ላይ ሩዝና ድንች፣ ማታ ፓስታ በዳቦ ትበላ ነበር፤ ጣፋጭ አይደለማ! ስኳሯ አልወርድ ሲል «አላከበርሽም» ተባለች። ተደብቃ የምትበላ ሕፃን ይመስል። ከዚያ ወዲህ ለሦስት ቀጠሮ አልሄድም ብላ ቀረች። አፏን መግታት አቅቷት ሳይሆን አፍራ ነው።

በአሜሪካ የስኳር ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕውቅና መስጠት ሲጀምር ዕውቅናውን የሰጠው ለሐኪሞች አልነበረም። ለትምህርት ፕሮግራሞች ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ራሱን እንዲንከባከብ የሚያስተምሩትን፤ የሚያስተምረው ማን ነው፣ ምን ያስተምራል፣ ሕመምተኛው ምን ተለወጠ የሚለውን መዝነው። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድናቸው ዕውቅና ላለው ፕሮግራም ብቻ ይከፍላል፤ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 10 ሰዓት ትምህርት። ዐሥር ሰዓት! የኛ ሰው አንድ ደቂቃ አግኝቶ ዐሥሩን ሰዓት የተማረ ያህል ይወቀሳል። እኛም ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለን። መድኑ ከጤና ተቋም ጋር ሲዋዋል ትምህርቱንም በውሉ ውስጥ ቢያስገባ ምን ይከለክለዋል?

ሰው ከተማረና ከተደገፈ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎችን በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ላይ አጥብቆ ሲያግዛቸው፣ በስኳር የመያዝ አደጋቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። ሕመምተኛው አይሰማም የሚለውን ጥናቱ ራሱ አይቀበልም። ግን እነዚያ ሰዎች ለብቻቸው የተመደበላቸው አሠልጣኝ ነበራቸው። ተው ተብለው ብቻ አልተሸኙም።

የግል ክሊኒኮች ወጪ ይጨምርባቸዋል የሚል አንድ አንቀጽም ጸሐፊው ጣል አድርገዋል። ይጨምር ይሆናል። የቁስል ማጠቢያ፣ የኩላሊት እጥበትና የእግር መቁረጥ ወጪ ግን ዛሬም አለ፤ የሚከፍለው ሕመምተኛው ስለሆነ ነው የማይታየው።

ጸሐፊው ሲዘጉ «በስታንዳርድ የዳነ አንድ እግር አሳዩኝ» ብለዋል። ደግ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ ሐኪሞችና ሕመምተኞች ጣሊያን ሴንት ቪንሰንት ላይ ተሰብስበው በስኳር ምክንያት የሚቆረጠውን እግር በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ እንቀንስ ብለው ነበር። ለዚህ ግን መቁጠር ይቀድማል። መጀመሪያ ስንት እግር እንደሚቆረጥ፣ ስንት እግር እንደሚታይ ካልተቆጠረ ማን ዳነ ማን አልዳነ አይታወቅም። እኛ አልቆጠርንም። ስለዚህ ለጸሐፊው ዛሬ የማሳያቸው የእናቴን እግር ብቻ ነው። ቁስሏ ሦስት ወር ከሃያ ቀን ታጥቦ ዳነ። ልጇ ደም ስላየ ነው እንጂ ማንም ስለመረመራት አይደለም።

እንዲህ ብናደርግስ? ጸሐፊው በሚሠሩበት የክትትል ክፍል አንድ ማለዳ ይፍቀዱልኝ። ከኃላፊው ፈቃድ ጋር፣ የሕመምተኛ ስም ሳናወጣ፣ ሃምሳ ካርድ በዕጣ እናውጣ። ባለፈው አንድ ዓመት ስንቱ ላይ «እግር ታየ» የሚል እንዳለ አብረን እንቁጠር። ከሃምሳው አርባው ላይ ካለ ይህን ጽሑፍ አነሳለሁ፤ ተሳስቼ ነበር ብዬም እጽፋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ይመቸኛል። 2 ሰዓት ላይ፣ ወረፋው ሳይበዛ።